ብዥታ ለገመድ ዘላይዋ

ጥቅምት 3

ለምወድሽና ለማከብርሽ እቴቴ፣

ከወሬዬ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። ጉልበትሽ፣ ዓይንሽ፣ ፎቶ ቤትሽ፣ በሩ ላይ የሚተኛው ድመት ሳይቀር እንደምን ናችሁ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። የተከራየኋት ክፍል ፎቶ ከምታጥቢበት ጨለማ ክፍል ትንሽ ሰፋ ትላለች። አልጋ፣ ጠረጴዛና መስኮት አላት፤ በመስኮቱ የሚታየው ግን የሌላ ሰው መስኮት ነው።

በስልክ ልነግርሽ ስል "የስልክ ወሬ ይተናል፣ ጻፍልኝ" ስላልሽ ይኸው ጻፍኩ። ሥራ አገኘሁ! ዲግሪዬ ገና ጠርዙ ሳይታጠፍ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በኮምፒውተር የሚሠራ ድርጅት ተቀበለኝ። አኒሜሽን ማለት ነው፤ ልጆች እያዩ አፋቸውን የሚከፍቱበት ነገር። ሥራው ግን ለጊዜው የሙከራ ነው። አሁን የምንሠራት አጭር ፊልም ስታልቅ ወይ "ቆይ" ይሉኛል፣ ወይ "በሰላም ግባ" ይሉኛል። እዚህ አገር እንድቀመጥ የተፈቀደልኝም በሥራው ስለሆነ፣ "በሰላም ግባ" ካሉኝ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ደጅሽ እገኛለሁ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ስነግርሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ሳቂ። ብዥታ መጨመር ነው።

የካሜራ መዝጊያ ለቅጽበት ተከፍቶ ይዘጋል፤ በዚያች ቅጽበት የሮጠ ነገር ፎቶው ላይ ጭራ ያወጣል። ይህን ለአንቺ ማስረዳት ለቀበሮ ተንኮል ማስተማር ነው። ኮምፒውተር ግን መዝጊያ የለውም። የምትሮጥ ልጅ ሥዕል ሲሠራ እንደ ጉርድ ፎቶ ጥርት አድርጎ ያወጣታል። እነዚያ ጥርት ያሉ ምስሎች ተከታትለው ሲታዩ ታዲያ ሩጫው ይንተባተባል፤ የተመልካች ዓይን "ይሄ ነገር ውሸት ነው" ይላል። ስለዚህ እኛ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ብቻ፣ በሄደበት አቅጣጫ፣ በፍጥነቱ ልክ እናደበዝዘዋለን። የደረሰችኝ ገመድ የምትዘል ልጅ ናት።

እና ልለምንሽ። ልጅ ሆኜ ስታነሺኝ እየተቁነጠነጥኩ ያበላሸኋቸው ፎቶዎች ዛሬም አሉ? "ባለጭራው" ያልሽኝ በእነሱ አይደል? ከሌሉ ደግሞ ገመድ የምትዘል ልጅ ፈልገሽ አንሺልኝ። አደራ፣ እንዳትጠራ።

በናፍቆት፣
ባለጭራው


ጥቅምት 28

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፣ ለባለጭራው፣

ደብዳቤህ ደርሶኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። የረገጥከው ይለምልም፣ የነካኸው ይባረክ፣ ክፉ ዓይን አይይህ። እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ድመቱም ደህና ነው፤ ወፍሯል።

ግን ምን ልበልህ? ዕድሜዬን ሙሉ "ቀጥ በሉ!" ስል ኖሬ፣ ሰፈሩ ስሜን ረስቶ "ቀጥ በሉ" እያለ ሲጠራኝ፣ ያሳደግሁት ልጅ ባሕር ተሻግሮ ብዥታ ይጨምር? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔው ደግሞ መስከረምን አሳልፎ በጥቅምት መጣ። ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ብነግራት "እንግዲያው እኔም ቀዳዳ መጨመር ልጀምር" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ያበላሸሃቸውን ፎቶዎች በተመለከተ፣ አንዱም የለም። ብዥ ያለ ፎቶ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም፤ ቀድጄ ነው የምጥለው። ደንበኛ "ግድ የለም፣ ይሁን" ቢለኝ እንኳ "አንተ ግድ ባይኖርህ እኔ አለኝ" ብዬ እንደገና አነሳዋለሁ። እንዴት እንደምሠራ ታውቃለህ። ባለሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ትራይፖዱ፣ ዛሬም ካፖርቴን ተሸክሞ ጥግ ላይ ቆሟል። ትራይፖድ እጁን ለማያምን ሰው ነው። እኔ ትንፋሼን አውጥቼ፣ የሚቀጥለው ሳይገባ ነው የምጫነው። አባቴም ያስተማረኝ እንዲሁ ነው።

ቢሆንም ላንተ ስል እምላለሁ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆን ብዬ የተበላሸ ፎቶ አነሳለሁ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ገመድ ስትዘል ውላ ስትዘል ታመሻለች፤ እሷን አስቆማለሁ። አይ፣ አላስቆማትም ማለቴ ነው። አየህ፣ አፌ እንኳ አልለመደውም።

አንድ ነገር፦ እዚያ ጠንካራ አምፖል የሚገኝ ከሆነ ፈልግልኝ። የክፍሉ ብርሃን የቀነሰ መሰለኝ። ሰሞኑን ፎቶዎቼ እንደ ድሮው አልሰላ ብለውኛል።

እደግ፣ ተመንደግ።
አክስትህ


ኅዳር 20

ለእቴቴ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከዚያ ያለውን መንገድ ሁሉ ሞልቶ ይድረስሽ። አምፖሉን በጥቅል ልኬልሻለሁ። ሻጩ "ለዶሮ ማሞቂያ ነው?" አለኝ፤ "ለጉርድ ፎቶ" ስለው አላመነኝም።

እኔ እየተፈተንኩ ነው። የክፍላችን ኃላፊ አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። የምታውቀው ቃል አንድ ይመስለኛል፤ በልቤም "እንደገና" ብዬ ነው የምጠራት። መጀመሪያ የሠራሁትን ሳሳያት ልጅቷን ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ እኩል አደብዝዣት ነበር። ዝናብ የመታው የግድግዳ ማስታወቂያ መሰለች። ኃላፊዋ ትንሽ አየችና "ይቺ ልጅ መሬት ነክታለች ወይስ አልነካችም?" አለችኝ። ነክታለች አልኩ። "መሬት የነካ እግር ለምን ይደበዝዛል? እንደገና።"

ልክ ናት፣ እቴቴ። አንድ ሰው ሲዘል እንኳ ሁሉ ነገሩ እኩል አይሄድም። ተረከዙ ሲያርፍ ይቆማል፣ ጉልበቱ ገና ይታጠፋል፣ የቀሚሱ ጫፍ አሁንም ወደ ላይ ነው፣ ፀጉሩ ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ ይመጣል። ለእያንዳንዱ የየራሱን ብዥታ ሰጠሁት። ልጅቷ ነፍስ ዘራች! ከወንበሬ ተነስቼ እኔም ዘለልኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስኒውን በሁለት እጁ ያዘ።

ገመዱ ግን አልሆን አለኝ። በእግሯ ሥር ሲያልፍ እንደ ተሰበረ ዱላ ቀጥ፣ ከዚያ እጥፍ፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ምክንያቱን አላውቅም። ብዥታውን ብጨምርም ብቀንስም ያው ነው። ፊልሟ ወደ ማለቋ ነች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልብሴን ከሻንጣዬ እስካሁን አላወጣሁም፤ የምለብሰውን ብቻ እየመዘዝኩ ነው።

ፎቶሽን እየጠበቅሁ ነው።

ባለጭራው


ታኅሣሥ 18

ለልጄ ለባለጭራው፣

ጤናህ ይብዛ፣ ጌታ ከፊትህ ይቅደም። አምፖሉ ደርሷል፤ ክፍሉ እንደ ቀትር ሆኗል። ድመቱ ከሥሩ አልነሳም አለ፤ ሻጩ ለዶሮ ነው ያለው እውነቱን ነው።

በእጅ ጽሕፈቱ እንዳትደነግጥ። ሥራ ስለበዛብኝ ልብስ ሰፊዋ እየጻፈችልኝ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

(እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ሰላም ነው? ሥራ በዛብኝ ትላለች፤ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የገባ ሰው አላየሁም። እንዳትነግራት።)

ቃል የገባሁልህን ልኬያለሁ። ልጅቷ ከቤታችን ጀርባ ካለው ግድግዳ ፊት ስትዘል ነው። ብዥታ ብለሃል፤ ይኸው ብዥታ። አልቀደድኩትም። ላንተ ስል ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንዲት ደንበኛ ፎቶዋ ትንሽ ደብዝዞባት ተቸግራለች። የናንተ ማሽን ብዥታ መጨመር ከቻለ ማንሳትስ አይችልም? ቸርነት ከመጨመር ይልቅ ከመቀነስ ይጀምራል ይባላል። (እንዲህ የሚባል ተረት ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ጻፊ ስትለኝ ጻፍኩ።) ለደንበኛዋ ነው እንግዲህ። ቶሎ ብትመልስልኝ።

ያሰብከው ይሙላልህ።
አክስትህ


ጥር 14

ለእቴቴ፣ ለእጅሽ ጤና፣ ለዓይንሽ ብርሃን፣

ፎቶው ደረሰ! እግዜር ይስጥልኝ። ለልብስ ሰፊዋም ሰላም በይልኝ፤ ተረቱን ወድጄዋለሁ።

ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ አጎላሁት። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ልጅቷ ብቻ ሳትሆን የአበባ ማሰሮውም ዘሏል። ግድግዳውም፣ መስኮቱም አብረው ዘለዋል። ቸኩለሽ ይሆናል፤ ወይ ድመቱ እግርሽ ሥር ገብቶብሽ ይሆናል።

ግን እቴቴ፣ ይቺ ፎቶ ያደረገችልኝን ስሚ። በመስኮቱ የብረት መያዣ ላይ ፀሐይ አርፋበታለች። ያቺ ብልጭታ ነጥብ መሆን ነበረባት። ነጥብ አይደለችም፤ ትንሽ መንጠቆ ሆናለች። ወደ ታች ወርዳ፣ ተጠማዝዛ፣ ወደ ቀኝ ቀና ትላለች። ብርሃኑ የሄደበትን መንገድ ሁሉ ራሱ ጽፎታል። ያኔ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። የእኔ ማሽን ገመዱ አሁን የት እንዳለ ያውቃል፤ ቀጥሎ የት እንደሚደርስም ያውቃል፤ በመካከሉ ግን ዝም ብሎ በቀጥታ መስመር ያገናኘዋል። ገመድ በቀጥታ አይሄድም፤ ይዞራል! የተሰበረው ዱላ የመጣው ከዚያ ነው። እውነተኛ መዝጊያ መነሻና መድረሻን ብቻ አያይም፣ መንገዱን በሙሉ ያያል።

ስለዚህ ማሽኑ በሁለቱ መካከል ደጋግሞ እንዲመለከት አደረግሁት። አንዱን ምስል ለመሥራት የሚፈጀው ጊዜ ረዘመ፤ ማሽኑም እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። ገመዱ ግን ዞረ! ነገ ለኃላፊዋ አሳያታለሁ።

ስለ ደንበኛሽ ፎቶ፣ ማንሳት ከመጨመር ይከብዳል፤ እስኪ እሞክራለሁ፣ ላኪው።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርሽ። ደንበኞችሽ የሚቀመጡበትን አሮጌውን ወንበር ባዶውን አንሺልኝ። ለሥራዬ ነው።

ባለጭራው


የካቲት 25

ለባለጭራው፣

እንደምን ከርመሃል። ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ፤ ሳልመልስ የቀረሁት ስላልተመቸኝ ነው። ሥራው አልተመቸኝም ማለቴ ነው።

ወንበር አንሺልኝ ያልከውን አላነሳሁም። ወንበር ዘሎ ያውቃል? ምን ይሠራልሃል?

ከዚህ ጋር አንድ ፎቶ አለ። የተመራቂ ተማሪዎች የክፍል ፎቶ ነው። ያነሳው አንድ የሙያ ጓደኛዬ ነው፤ ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለቱም እንዲህ ሆነበት። ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ማስረከብ አለበት። ሰውዬው እኔ ዘንድ መጥቶ "ያሳደግሽው ልጅ ያውቃል አሉ" ብሎ ለመነኝ፤ እኔም አላሳፍረው ብዬ ነው። አጥራለትና ላክልኝ።

ስለ ፊልሙ ምን አሉህ? ቆይ አሉህ? በየቀኑ እጸልያለሁ።

አክስትህ

(ልብስ ሰፊዋ ነኝ። የምጨምረው ነገር አለኝ፤ ግን ከጎኔ ቆማ እያየችኝ ነው።)


መጋቢት 16

ለእቴቴ፣

ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ትቼዋለሁ። ሰላምታዬንም አሳጠርኩት፤ ካስረዘምኩት ድፍረቴ መንገድ ላይ ያልቅብኛል።

በክፍል ፎቶው ላይ ከልጆቹ ጀርባ ያለው መጋረጃ ያንቺ ነው። ልብስ ሰፊዋ በማይመሳሰል ክር የጣፈችው ጥግ ይታያል። የሙያ ጓደኛ የለም፣ እቴቴ።

አጉልቼ አየሁት። በእያንዳንዱ ተማሪ ዓይን ውስጥ የላክሁልሽ አምፖል ብርሃን አለ። ነጥብ መሆን ነበረበት። በሁሉም ዓይን ውስጥ መንጠቆ ነው፤ ወደ ታች ወርዶ፣ ተጠማዝዞ፣ ወደ ቀኝ ቀና የሚል። ያችው የመስኮቱ መያዣ መንጠቆ። ያን ያህል ልጅ በአንድ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ልክ አይነቃነቅም። አንድ ነገር ብቻውን ከደበዘዘ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው፤ ሁሉም አብሮ ከደበዘዘ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። እኔ ጠዋት ማታ የምሠራው ይህንኑ ነው፤ ባላይ እወድ ነበር። ካሜራውን የያዘው እጅ ደግሞ ያንቺ ነው። ደብዳቤውንም ሌላ ሰው መጻፍ የጀመረው ለዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። አምፖሉንም የጠየቅሽኝ ለዚህ ነው።

ፎቶውን ላጠራው ሞክሬያለሁ። መንጠቆዋን ለማሽኑ ሰጥቼ "በመጣህበት ተመለስ" አልኩት። መጋረጃው ጠራ። ፊቶቹ ላይ ሲደርስ ግን የጎደለውን በግምት ሞላ፤ ከፊት የተቀመጠው ልጅ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አፍንጫ ይዞ ብቅ አለ። ያን ፎቶ ብሰጥሽ ለእናቱ የሌላ ሰው ልጅ ልትሰጫት ነው። አንቺ ደግሞ "ግድ የለም፣ ይሁን" የሚል ደንበኛን እንኳ የምትመልሺ ነሽ። ስለዚህ አጥርቼ አልላክሁልሽም። እንደገና መነሳት አለበት። ካፖርትሽን ከትራይፖዱ ላይ አንሺው። ሐኪም ዘንድም ሂጂ፤ እባክሽ።

አሁን የእኔን ልንገርሽ። ኃላፊዋ ገመዱን አየች። ደግማ አየች። "ይሁን" አለች፤ ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ በክፍሉ አልነበረም። ከየት እንዳመጣሁት ስትጠይቀኝ "ከአክስቴ ፎቶ" አልኳት። "ጎበዝ ፎቶ አንሺ መሆን አለባት" አለችኝ። "ናት" አልኳት። ቆይ ብለውኛል፣ እቴቴ። ሻንጣዬን ባዶ አድርጌ አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። ግን ያን ቀን ደስታዬን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ፦ እኔን እዚህ ያቆየኝ የእጅሽ መንቀጥቀጥ ነው። እሱን ለሥራዬ ወስጄ፣ ላንቺ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከተቆጣሽ ልክ ነሽ። ብቻ ጻፊልኝ።

ባለጭራው


ሚያዝያ 30

ለልጄ ለባለጭራው፣

ፊደሎቼ ጭራ ካወጡ አትሳቅ፤ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። አንዷን ገጽ ለመሙላት ጠዋቱ አለቀ።

ተቆጥቼ ነበር። በጣም። ደብዳቤህን ጠቅልዬ የፎቶ ወረቀት ሳጥን ሥር ወሸቅሁትና ለልብስ ሰፊዋ "ልጁ ጠገበ" አልኳት። መቀሷን አስቀመጠች። "ጠግቦ አይደለም፣ አይቶ ነው። እኔም ካየሁ ቆየሁ፤ አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ" አለችኝ። "እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ላስገባልሽ እላለሁ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ?" ለካ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ በሉ ስላቸው ኖሬ፣ ለእኔ ሲሉ ቀጥ ብለው ኖሯል።

ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ለነገሩ ስም ሰጠው፤ ስሙን አልጽፍልህም፣ ረጅም ነው፣ እጄም ይደክማል። ክኒን አዘዘልኝ። ያስታግሰዋል እንጂ አይነቅለውም አለ። "ሥራዬስ?" ስለው "በምን እጅ ነው የሚሠሩት?" አለኝ። ይህን ጥያቄ መንገዱን ሙሉ ይዤው መጣሁ።

ከዚያ ካፖርቴን ከትራይፖዱ ላይ አነሳሁ። ትከሻው ላይ አቧራ ነበረበት፤ ጠረግሁለት። ካሜራውን አሰርኩበት፣ ካሜራውን ሳልነካ የምጫንባትን ረጅም ሽቦ ሰካሁና ተማሪዎቹን መልሼ ጠራኋቸው። "ቀጥ በሉ!" አልኳቸው። ከኋላ ያለው ቀልደኛ "እርስዎስ?" አለኝ። ሁሉም ደነገጡ። "እኔ ባልልም ካሜራው ብሏል" አልኩት። ሳቁ፤ ሳቃቸው እስኪያልፍ ጠብቄ ተጫንኩ። ፎቶው ሲደርቅ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ዓይናቸውን አየሁ። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። አስረክቤያለሁ። ትራይፖድ እጁን ለማያምን ነው ብዬህ አልነበር? አባቴ ይቅር ይበለኝ።

ወንበሩን አንሺልኝ ብለህ ነበር። ያኔ ለምን እንደጠየቅከኝ ገብቶኛል፤ ወንበር ራሱ አይንቀሳቀስ፣ ተንኮለኛ። ይኸው ወንበሩ፤ ከዚህ ወረቀት ጋር አለ። ባዶ ግን አይደለም፣ እኔ ተቀምጬበታለሁ። ሽቦውን በግራ እጄ ይዤ፣ ቀኜን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ መዝጊያውን ትንሽ አቆየሁት። ፎቶ አንሺ የራሱ ፎቶ የለውም ይባላል፤ የእኔ ይህ የመጀመሪያው ነው። አጉላው፤ ለምደሃል። ወንበሩ ጥርት ብሏል። መጋረጃው ከተጣፈው ጥጉ ጋር ጥርት ብሏል። ፊቴ፣ እስከ ሽበቴና እስከ መጨማደዴ፣ ጥርት ብሏል። የደበዘዘው ቀኝ እጄ ብቻ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ትንሽ ጉም ያረፈ ይመስላል።

እንደ ልማዴ ልቀደው ይዤው ነበር። ከዚያ ያልከው ትዝ አለኝ፤ አንድ ነገር ብቻውን ከደበዘዘ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው። እውነቱን ነው፣ አልተበላሸም አልኩ። አንዱን ላንተ ላክሁ፤ ሌላውን አሳድጌ አትሜ መንገደኛ በሚያየው መስኮት ላይ፣ ከሙሽሮቹና ከተመራቂዎቹ መካከል ሰቀልኩት።

ትናንት አንድ ደንበኛ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣና መስኮቱ ላይ ቆሞ አየው። ገብቶ ሲቀመጥ "እትዬ፣ ያ እጅዎ ምን ሆኖ ነው?" አለኝ።

"እየሠራ ነው" አልኩት። "ቀጥ በል።"

አክስትህ